የአክሱም ሳንቲሞችና የ18,000 ዩሮው ቀዳዳ

በአክሱም ከተማ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ውስጥ ከሸክላው፣ ከብርጭቆውና ጽሑፍ ከተቀረጸባቸው ድንጋዮች ጎን የነገሥታቱ ሳንቲሞች ተቀምጠዋል። ጎብኚ ፈጥኖ የሚያልፋቸው እነዚህ ጥቃቅን ብረቶች የዘመኑ ዋና መዝገብ ናቸው፤ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከነገሠው ከእንዱቢስ ወዲህ ከተነሡት ነገሥታት በርካቶቹን የምናውቃቸው በሳንቲማቸው ብቻ ነውና። ዒዛና ክርስትናን መቀበሉም ጨረቃው በመስቀል ከተተካበት ሳንቲም ይነበባል።

ስለዚህ ሳንቲሙ የወጣበት ስፍራና የአፈሩ ንብርብር ከብረቱ ዋጋ ይበልጣል። በስውር ተቆፍሮ ለአውሮፓ ገበያ የሚቀርበው ሳንቲም ግን ይህን ሁሉ አጥቶ ይመጣል።

ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2019/880፣ ከቁፋሮ የተገኘና ከ250 ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ ዋጋው ምንም ይሁን ምን የማስገቢያ ፈቃድ እንዲጠየቅበት ያዝዛል። ሳንቲም በስሙ የተጠቀሰው ግን በሌላ ዝርዝር ነው፤ በዚያ የአስመጪው መግለጫ የሚፈለገው የአንዱ ዋጋ 18,000 ዩሮ ሲደርስ ብቻ ነው። የአክሱም የመዳብ ሳንቲም ከዚህ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ነጋዴው ዕቃውን «ሳንቲም» ብሎ ካስመዘገበ ያልፋል፤ «ከቁፋሮ የተገኘ» ካለ ፈቃድ ይጠየቃል። የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም። ደንቡ በሕገወጥ መንገድ የወጣን ቅርስ በጠቅላላው መከልከሉ እውነት ነው፤ ሰነድ ያልጠየቀ ጉምሩክ ግን ሕገወጡን በምን ይለየዋል?

የአክሱም ሳንቲም ከየመን የመጣ ነው የሚል መከላከያም ይሰማል። በግሪክኛ ለተጻፈውና ለባሕር ማዶ ንግድ ለዋለው ወርቅ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በየመን አል መድሃሪባ ትልቅ ክምችት ተገኝቷልና (የመንም የተዘረፈች አገር መሆኗ ለሻጩ ማጽናኛ ባይሆንም)። በግዕዝ የተጻፈው መዳብ ግን በዋናነት የአገር ቤት መገበያያ ነበር፤ አብዛኛውም የሚወጣው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ አፈር ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. መሠረት ደግሞ ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ለመንግሥት የማስታወቅ ግዴታ አለበት።

የአውሮፓ ፓርላማ አባላት ረዳቶች ለኮሚሽኑ በጽሑፍ ሊያቀርቡት የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከመሬት የወጣ ሳንቲም የቁፋሮ ውጤት ነው ወይስ አይደለም? ነው ከተባለ፣ የ18,000 ዩሮው ወሰን እንደማይመለከተው ለየአገሩ ጉምሩክ በግልጽ መመሪያ ይተላለፍ። አይደለም ከተባለም፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን።