ክርክሩ ጦፈ እንጂ ማንም አልተፈነከተም!

 

የዛሬው ደብዳቤ ከሆሳዕና ነው። ወጣቱ በጊዜያዊነት የተቀጠረበት መሥሪያ ቤት ስለ አንድ የመንገድ ሥራ ስብሰባ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ጻፍ ይለዋል። ስብሰባው ላይ ሰዉ ተሟግቷል፣ ተጯጩኋል፣ በመጨረሻም አባቶች መርቀው ተለያይቷል። ልጁ ግን «ቢግ ፋይት» ብሎ ጻፈው። ኃላፊው አንብበው «ስንት ሰው ተጎዳ?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሪፖርት የሚጽፈው ሌላ ሰው ሆነ። «እንግሊዝኛ አልተፈጠረልኝም ማለት ነው?» ይለኛል።

የለም ወንድሜ! ችግርህ ቃሉን ያለ ጓደኛው ማስኬድህ ነው። እኔም ከአስራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ይህቺን የደረስኩባት በአማርኛችን ነው። እኛ ዘንድ ክርክር ይጦፋል፣ ጠብ ይከራል፣ ትችት ይሰላል። «የጦፈ ትችት» ብትል ጆሮ ይቆረቁራል። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው።

ሰው በሐሳብ ተሟግቶ ሲግል «ሂትድ ዲቤት» ይባላል። የሰላ ትችት «ሻርፕ ክሪቲሲዝም» ነው፤ እዚህ ላይ ከኛ ጋር ገጠሙ! ቂም ያለበት ጭቅጭቅ «ቢተር ዲስፒዩት»፣ የሕዝብ ቁጣና ጩኸት ደግሞ «ፐብሊክ አውትክራይ» ነው። «ፋይት» ያልከው ግን ቡጢም ያሳስባል።

ከሰፈራችን ምሳሌ ልስጥህ። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሆሳዕናን መቀመጫው አድርጎ ከመመሥረቱ በፊት፣ የክልል አደረጃጀት ነገር ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ቡና ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ያሟግት ነበር። እሱ «ሂትድ ዲቤት» ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በጉራጌ ዞን ክላስተሩን በመቃወም ሱቅ ተዘግቶ ቤት የመቀመጥ አድማ ሲደረግ ግን ነገሩ ከክርክር አልፏል፤ «ስትሮንግ ኦፖዚሽን» በለው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውልህ። ደብተርህ ላይ ቃል ስትመዘግብ ከነጓደኛው መዝግብ። ከመጻፍህ በፊት ደግሞ ራስህን ጠይቅ፦ ሰው ተነካክቷል? ቂም ተያይዟል? ወይስ ተመራርቋል?

አንድ ነገር ቀርቶሃል። ሪፖርቱን አስተካክለህ ለኃላፊህ መልስላቸው። ሥራው ይመለስልህ አይመለስልህ እንጃ፤ ግን መርቀው የተለያዩ አባቶች ፋይል ውስጥ እንደተደባደቡ መቅረት የለባቸውም።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!