ጋላክሲን ፎቶ ማንሳት ቅንጦት ነው እንዴ?

የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የሚመረጥበት ሰሞን ሲደርስ በትምህርት ክፍላችን አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይሰማል፤ «ለአገር ምን ይጠቅማል?» የሚል። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ እኔም አልጠላውም። የምጠላው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ርዕስ ብቻ ለመጣል ሲያገለግል ነው። የፀሐይ ማብሰያ እሠራለሁ ያለ ተማሪ ብዙም አይጠየቅም። የሰማይ ነገር ያነሳ ተማሪ ግን ወዲያው «አንተ ደግሞ፣ መብራት በቅጡ በሌለበት አገር ኮከብ ትቆጥራለህ?» ይባላል። ውድ አንባብያን፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ ልከራከር የፈለግሁት ከዚህ አባባል ጋር ነው። ኮከብ እኮ በደንብ የሚታየው መብራት በሌለበት ነው!

በእኔ አስተያየት ሩቅ ጋላክሲዎችን በራስ እጅ ፎቶ ማንሳት ለፊዚክስ ተማሪ የሚሰጠው ትምህርት፣ መልሱን ከታላላቆቻችን ሪፖርት ላይ ከምንገለብጣቸው የላቦራቶሪ ሥራዎች ከብዙዎቹ ይበልጣል። ለዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጨለማ ነው። ጨለማ ደግሞ ባደግሁባት በቢላና በአጠቃላይ በምዕራብ ወለጋ ትንንሽ ከተሞች ያለ ክፍያ ይገኛል። ስለዚህ ትምህርት ክፍላችን ይህን ሥራ እንደ ማንኛውም የመመረቂያ ጥናት ሊቀበለው ይገባል እላለሁ።

«ይሄ የእንጦጦ ሥራ ነው፣ ለእነሱ ተዉላቸው» የሚሉ አሉ። እስቲ እንጦጦን እንየው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲመሠረት መሥራቾቹ 47 ሰዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ እብዶች ናቸው ያላቸው ሰው ጥቂት አልነበረም፤ የእህል ነገር ሳይፈታ የሰማይ ነገር ምን ይሠራል ነው ነገሩ። እነሱ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ገፍተውበት በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች እንዲቆሙ አደረጉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ነገር ግን ከእንጦጦ ሥር አዲስ አበባ አለች፣ አዲስ አበባም በየዓመቱ እየፈካች ነው። የከተማ መብራት ወደ ላይ ሲወጣ አቧራውና አየሩ ይበትነዋል፣ ሰማዩ ራሱ ያበራል። የጋላክሲ ክንዶች ብርሃን ደግሞ ከዚህ ከሰማዩ ፍካት የደከመ ስለሆነ ተውጦ ይቀራል። ለወደፊቱ ትልቅ ኦብዘርቫቶሪ ይሆናል ተብሎ በላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች የተጠኑት አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የአገሪቱ ታዋቂ ቴሌስኮፖች ያሉበት ቦታ የቸገረው ነገር እኛ ጓሮ ውስጥ ተርፎ ይገኛል ማለት ነው። ቢላ ውስጥ መብራት የጠፋ ምሽት ደግሞ (መቼም ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም) ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ ይዘረጋል።

ስለ ጨለማው ይህን ያህል ካልኩ ስለ አቀማመጣችንም ልበል። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይህ ማለት የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ከሞላ ጎደል እናያለን ማለት ነው። አንድሮሜዳ ጋላክሲ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽቶች ከራሳችን በላይ ብዙም ሳትርቅ ታልፋለች። የማጄላን ደመና የሚባሉትን ሁለት ትንንሽ ጋላክሲዎች የአውሮፓ ሰው ከአገሩ ሆኖ ጨርሶ አያያቸውም፤ ለእኛ ግን ትልቁ ደመና በጥር ወር ምሽት ከደቡብ አድማስ 12 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ወደ ደቡብ ዛፍና ኮረብታ የማይጋርደው ቦታ መፈለግ ብቻ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ የቪርጎ የጋላክሲዎች መንጋ ልክ አናታችን ላይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጥቁር ጉድጓድ ምስል ተገኘ ተብሎ ዓለም የተደነቀበት ኤም 87 የተባለው ጋላክሲ፣ 54 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው፣ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። ከባሕር ማዶ ያሉ አማተሮች ሰማዩን ሙሉ ለማየት ብዙ ገንዘብ ከፍለው ወደ ናሚቢያና ወደ ቺሊ ይሄዳሉ።

እኔ የጀመርኩት በአንድሮሜዳ ነው፤ ለምን ቢሉ በባዶ ዓይን ስለምትታይ። ጊዜዋም ከእኛ አገር ሥራ ጋር ይገጥማል። ኅዳርና ታኅሣሥ የቡና ለቀማና የማድረቅ ወቅት ነው። ጀንፈሉ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሌሊት የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል። ባለፈው ታኅሣሥ ከአጎቴ ጋር ቡና እየጠበቅሁ፣ በቢላ ሠርግ ከሚያነሳ ፎቶ ቤት በተከራየሁት ካሜራ አነሳኋት። የሠርግ ካሜራ ሌሊት ሥራ ስለሌለው ኪራዩ ርካሽ ነው። በካሜራው ስክሪን ላይ ጭጋግ የመሰለችውን ሞላላ ነገር ለአጎቴ አሳይቼ፣ ይህ ብርሃን ከተነሳ 2 ሚሊዮን ተኩል ዓመት ሆኖታል፣ በአፋር ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች በተሠሩበት ዘመን አካባቢ መንገድ የጀመረ ነው አልኩት። አጎቴ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ አሁን እዚያው ያለች ይመስልሃል?» አለኝ። ፊዚክስ መማር ከጀመርኩ እንደዚህ ያለ ጥሩ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

በነገራችን ላይ ቡናም ሰማይ ላይ አለች። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እያንዳንዱ አገር ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንዲያወጣ ባዘጋጀው ውድድር፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 ላይ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረው ፕላኔትም «አቦል» ተብሎ ተሰይሟል። ቶናና በረካ እስካሁን አልተገኙም! ቡና የምትገኘው በዚያው በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው። ርቀቷ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። በባዶ ዓይን ለማየት ትንሽ ትደክማለች፤ ካሜራውን ከጋላክሲዋ ወደ ምሥራቅ ላዞረ ሰው ግን ፎቶው ላይ ትወጣለች። የወለጋ ተማሪ በቡና ጥበቃ ሌሊት ቡና የተባለችውን ኮከብ ፎቶ ማንሳት ካልቻለ ማን ሊያነሳት ነው?

አሁን ወደ ፊዚክሱ ልግባ። ምድር ስለምትዞር ካሜራ በትሪፖድ ላይ ቆሞ ብዙ ሰከንድ ከተከፈተ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ መስመር ይሆናሉ። በእኔ ካሜራ፣ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ የቻልኩት 6 ሰከንድ ነው። በ6 ሰከንድ ደግሞ ከምስሉ የሚበልጠው ኖይዙ ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል? ብዙ ጊዜ ማንሳትና መደራረብ። 180 ፎቶ ሲደመር የጋላክሲው ብርሃን 180 እጥፍ ያድጋል፤ ኖይዙ ግን የሚያድገው በ180 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ13 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ሕግ በስታቲስቲካል ፊዚክስ ክፍል ሰሌዳ ላይ አይቼው ለፈተና ሸምድጄው ነበር። የገባኝ ግን ፎቶዎቹን ዲፕ ስካይ ስታከር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ደራርቤ፣ ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ የጋላክሲዋ ሞላላ ቅርጽና ጠርዟ ላይ ያለችው ጥቁር የአቧራ መስመር ብቅ ስትል ነው። የሌንሱን ክዳን ዘግቶ ጨለማን ራሱን ፎቶ ማንሳትና ከምስሉ መቀነስም አለ፤ የካሜራው የራሱ ሙቀት የሚፈጥረውን ጉድፍ ለማጥፋት ነው። «ከናሳ የወረደ የሚያምር ምስል እያለ ይሄ ብዥ ያለ ነገር ምን ይሠራል?» ያለኝ ጓደኛዬ አለ። ከናሳ በወረደው ምስል ውስጥ እኔ የማውቀው አንድም ቁጥር የለም። በዚህኛው ውስጥ ግን የማላውቀው የለም።

ቀጣዩ ደረጃ ከዚህም ርካሽ ነው። ሁለት ጣውላ በአንድ የበር ማጠፊያ ይያያዛሉ። ከማጠፊያው 22.9 ሴንቲሜትር ርቆ ረጅም ብሎን ይገባል፤ የብሎኑ ጥርሶች መራራቅ 1 ሚሊሜትር ይሁን። ብሎኑን በደቂቃ አንድ ዙር ያዞረ ሰው የላይኛውን ጣውላ፣ ከእሱም ጋር ካሜራውን፣ በሰማዩ ፍጥነት ያዞረዋል። ለምን 22.9 እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት፤ ሰማዩ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። በዚህ ዘዴ 6 ሰከንድ የነበረው ወደ አንድና ሁለት ደቂቃ ያድጋል። አንድ እክል አለ። ማጠፊያው ወደ ሰሜን ዋልታ ማነጣጠር አለበት፣ የሰሜን ኮከብ ደግሞ እኛ ጋ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለምትል ኮረብታ ይሸፍናታል። ስለዚህ አቅጣጫውን በኮምፓስ፣ ከፍታውን በግንበኛ ውሃ ልክና በፕሮትራክተር መያዝ ግድ ይላል። ይሄ ራሱ አንድ ምዕራፍ የመመረቂያ ጥናት አይወጣውም ትላላችሁ?

አማተር ምን ያገኛል ለሚሉ ታሪኩ ሩቅ አይደለም። አንድሮሜዳ ጠመዝማዛ ቅርጽ እንዳላት በፎቶ ያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1888 መጨረሻ ካሜራውን ለአራት ሰዓት ያህል ከፍቶ፣ አይዛክ ሮበርትስ የተባለ በግንባታ ሥራ የከበረ ሰው እንጂ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አልነበረም። በእኛ ዘመንም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ድሬክስለር፣ ስትሮትነርና ሴንቲ የተባሉ ሦስት አማተሮች፣ ከ100 ሰዓት በላይ በተሰበሰበ ብርሃን፣ በአንድሮሜዳ አጠገብ ማንም ያላየውን ግዙፍ የጋዝ ቅስት ይፋ አድርገዋል። ከሁሉም ጋላክሲ በላይ ፎቶ ተነስታለች ከምትባለው ከአንድሮሜዳ አጠገብ! በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በኤም 101 ጋላክሲ የፈነዳውን ኮከብ መጀመሪያ ያየው ኢታጋኪ የተባለ ጃፓናዊ አማተር ነው። እንዲህ ያለ ፍንዳታ በየሰዓቱ መከታተል ይፈልጋል። በጃፓን ሲነጋና በአውሮፓ ገና ሳይመሽ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል፤ የእኛ ሰዓት ደግሞ በመካከል ነው።

«የፈረንጅ ጨዋታ» የሚለውንም አልቀበልም። የቦረና አያንቱዎች ወራቸውን የሚቆጥሩት ጨረቃ ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን ሌሊት እያዩ መሆኑን አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ገዳን በተመለከተ ባሳተሙት መጽሐፍ ጽፈውታል። ከእነዚያ ከዋክብት ላሚ የሚባሉት በትሪያንጉለም ያሉት ናቸው። ኤም 33 የተባለው ጋላክሲም የሚገኘው እዚያው አጠገባቸው ነው።

የምር የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። ያለፉት ዓመታት በወለጋ ቀላል አልነበሩም። ሰው ከቀዬው በተፈናቀለበት አካባቢ ስለ ጋላክሲ ማውራት ያሳፍራል ያለኝ የክፍሌ ልጅ አለ፣ ለእሱ ቶሎ መልስ አላገኘሁለትም። እውነትም ሌሊት ረጅም ነገር በትከሻ ተሸክሞ ኮረብታ መውጣት ከሩቅ ለሚያይ ሰው ኮከብ ፍለጋ አይመስልም። ስለዚህ እኔ ከግቢ አልወጣም፤ ለጎረቤትና ለቀበሌ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ አማተሮች ኮከብ የሚጠቁሙበትን አረንጓዴ ሌዘር እኛ አካባቢ ማንም እንዳይሞክረው እመክራለሁ። ግን ደግሞ አስቡት። መንገድ በተዘጋበት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ እንደሆነውም ስልክና ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ ተማሪ ከላቦራቶሪም ከቤተ መጻሕፍትም ይለያያል። ከቤቱ ጓሮ የማይለየው ላቦራቶሪ ይህ አንዱ ነው። የኮከብ ካርታውን በወረቀት አትሞ መያዝ ይበቃል።

ክረምቱ ረጅም መሆኑን አልክድም፤ ከግንቦት እስከ መስከረም መጨረሻ ደመና ነው፣ ያኔ ያነሱትን መደራረብና መለካት ይቻላል። መምህራኖቻችንን የምጠይቀው ቴሌስኮፕ ግዙልን ብዬ አይደለም። የትምህርት ክፍሉ ካሜራ ለምረቃ ፎቶ ብቻ ከሚወጣ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጨረቃ በሌለችባቸው ሁለት ሁለት ሳምንታት ለተማሪ በፊርማ ይሰጥ፤ አንድ መምህር አማካሪ ይሁን። ጣውላውን የሚቆርጥልኝ አናጢ ቢላ ውስጥ አግኝቻለሁ፣ ማጠፊያውም ተገዝቷል። የርዕስ ማጽደቂያ ቅጹ ግን እስካሁን ጠረጴዛ ላይ ነው።