ከሰማይ የታየው ጭስ በምድር ላለው ይድረሰው

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእሳት ሲያያዝ፣ ጓሳውና አስታው ሲነድ፣ ሕዝቡ ገደል ለገደል እየተሯሯጠ ባገኘው መሣሪያ ሁሉ ታግሏል። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪደርሱ ግን ቀናት አለፉ። የዋልያና የጭላዳ መኖሪያዋ ሲቃጠል ያየች አገር ቀጣዩን እሳት በሰዓታት ውስጥ ለማወቅ መሰናዳት አለባት ብለን እናምናለን።

ምስል አላጣንም። የአሜሪካው ናሳ ሳተላይቶች ያዩትን የእሳት ነጥብ ብዙውን ጊዜ በ3 ሰዓት ውስጥ ለማንም በነፃ ይለቃል። የአውሮፓው ሜቲዎሳት ደግሞ ከ36 ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ አፍሪካን ሳያቋርጥ እየተመለከተ በየ15 ደቂቃው፣ አዲሱ ትውልዱ በየ10 ደቂቃው ምስል ይልካል። የሳተላይቱ መሣሪያ አቧራንም ያያል፤ ከደመና የሚለየው በሙቀት ጨረር ስለሆነ ጨለማ አያግደውም። በክረምት ከሱዳን በረሃ ተነሥቶ ቶካር በተባለው የተራራ ክፍተት በኩል ወደ ቀይ ባሕር የሚፈሰው አቧራ በሌሊትም ይታያል፤ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት የቀለም አሠራር ደማቅ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ሌላ ሳተላይት ማምጠቅ አያስፈልገንም። የጎደለው ምስሉን አንብቦ ለፓርክ ጠባቂው፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለአስም ታማሚው በጊዜ የሚናገር ሰው ነው።

ንባቡ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በኅዳርና በየካቲት መካከል ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በካርታው ላይ በቀይ ነጥብ ይሞላሉ፤ ብዙው ሣር ለማደስና ማሳ ለማዘጋጀት የሚለኮስ ነው። ኤርታ አሌም ከሙቀቱ የተነሣ እንደ እሳት ይቆጠራል። ቀይ ነጥብ አንድን ገበሬ ለመክሰስ ማስረጃ እንዳይሆን ከወዲሁ እናሳስባለን። አገሩን የሚያውቅ ሰው ነጥቡ ሰደድ እሳት ይሁን የተለመደ ቃጠሎ ሳያጣራ እርምጃ ሊወሰድ አይገባም። እሳቱን አጥርተው የሚያዩት ሳተላይቶች በአብዛኛው የሚያልፉት ከቀኑና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። አመሻሽ ላይ የተነሣ እሳት እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ሊያመልጣቸው ይችላል፤ ደመናም ይጋርደዋል። የጠባቂው ዓይን አሁንም ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከበደው ጉድለት ሌላ ነው። ሳተላይት የሚያየው ከላይ እስከ ታች ያለውን አየር ባንድነት ነው። ጭሱ በሁለት ሺሕ ሜትር ከፍታ እያለፈ ይሁን ወይም ልጆች የሚተነፍሱት አየር ውስጥ ገብቶ ይሁን፣ ምስሉ ብቻውን አይነግረንም። (የማጀቱን ጭስማ፣ እናቶችን ዘወትር የሚጎዳውን፣ ጭራሽ አያየውም።) የምንተነፍሰውን አየር የሚለካው መሬት ላይ የተተከለ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጋቢት ወር የአሜሪካ መንግሥት በኤምባሲዎቹ የሚሰበሰበውን የአየር ጥራት መረጃ ማሰራጨት ሲያቆም፣ አዲስ አበባም ስትመለከተው የኖረችው አንድ ምንጭ ተቋረጠባት። የገዛ ሳንባችንን ጉዳይ ለሌላ አገር በጀት መተው አይገባንም ነበር።

የአቧራ ጉዳት ቀላል አይደለም። በግንቦት 2014 ዓ.ም. በኢራቅ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ገብተዋል። ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩባት ኩዌትም በዚያው ወር በረራ እስከማቋረጥ ደርሳለች።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከዝናቡና ከሙቀቱ ትንበያ ጎን ጭስና አቧራን በየዕለቱ እንዲናገር እንጠይቃለን። በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ቃጠሎው በሚበዛባቸው ወረዳዎች ቋንቋ ሁሉ ይነገር። መልእክቱ የት እንደታየ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው፣ ማን ቤት መዋል እንዳለበት በሦስት ዓረፍተ ነገር ይግለጽ። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላሉ ጠባቂዎች የእሳቱ ነጥብ በስልክ አጭር መልእክት ይላክ፤ ኢንተርኔት በማይደርስበት ገደል ስንኳ እንዲነበብ። ሥራው ቃጠሎው ከመጀመሩ በፊት፣ በመጪው ጥቅምት ይጀመር።