ከሀንድአውት ወደ ሐይቁ ዳር

በሐዋሳ መንገድ የተጓዘ ሁሉ አዳሚ ቱሉን ሳያያት አያልፍም። ባቱን፣ ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ የምንላትን፣ ትቶ ጥቂት እንደሄደ ያገኛታል። ሐይቁ ቅርቧ ነው፤ የግብርና ምርምር ማዕከሉም እዚያው ነው። ለባዮሎጂ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ክፍል ከየት ይመጣል?

እኛ ግን ባዮሎጂን የተማርነው በችከላ ነው። የብልሃርዚያ ትል የሕይወት ዑደትን ጠይቁን፤ አንድ ቀስት ሳንስት ሥለን እናሳያችኋለን። እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፣ እጩ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ተባዝቶ ይወጣል፣ ከዚያ የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ፈተናው ላይ "ኤ" አመጣን። ቀንድ አውጣዋን ግን አንድም ቀን አላየናትም። ላብራቶሪ በገባንበት ቀን እንኳ ውጤቱ ማንዋሉ ላይ ተጽፎ ጠበቀን፤ የኛ ሥራ አሳምሮ መገልበጥ ነበር። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ምኑ ምርምር ነው?

በሽታው ደግሞ የሀንድአውት ብቻ አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ በሚኖሩ ሰዎች ላይ በጥናት ተረጋግጧል።

ዶክተር አክሊሉ ለማን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ይህንኑ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። እንዶድን የማያውቅ እናት አልነበረም። እሳቸው ግን "ለምን ሞቱ?" ብለው ጠየቁ፤ ሞክረውም እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ጥያቄው የተገኘው ወንዝ ዳር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከላብራቶሪ ልምምዶቹ ግማሹ ይቅርና ለየቡድኑ መምህሩም መልሱን የማያውቀው አንድ ጥያቄ ይሰጠው። ለምሳሌ፦ ልብስ በሚታጠብበትና በማይታጠብበት ዳርቻ በትሉ የተያዙት ቀንድ አውጣዎች ምን ያህል ናቸው? ዕቃው ረጅም እጀታ ያለው ወንፊት፣ ቦቲ ጫማ፣ የጎማ ጓንት፣ ብልቃጥና ማጉያ መነጽር ነው። እያንዳንዷን ቀንድ አውጣ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብልቃጥ ለብቻዋ አድርጎ ብርሃን ላይ ማቆየት ነው። እጮቹ የደረሱባት በሰዓታት ውስጥ ትለቃቸዋለች። ቆጥሮ መመዝገብ፣ በጋውን ከክረምቱ ማወዳደር የተማሪው ፋንታ ነው።

"ተማሪው ብዙ ነው፣ በጀት የለም፣ ምዕራፍም ይቀራል" ትሉን ይሆናል። እውነት አላችሁ፣ ምዕራፍ ይቀራል። የቀረ ምዕራፍ ግን በኋላ ይነበባል፤ ሳይጠይቅ የተመረቀን ሰው መጠየቅ ማስለመድ ነው የሚከብደው።

ከኛ መካከል ብዙዎች መምህር ሆነዋል። ነገ ባቱ ላይ፣ ሐይቁ ውስጥ ሲዋኝ የዋለ ልጅ "ቲቸር፣ ትሉ የታለ?" ቢለን ምን ልናሳየው ነው? ቀስቱን ወይስ ብልቃጡን?