ሕጉ ወደ ጥገና ቤታችን ይግባ

ፍሪጅና ኤሲ መጠገን እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ኦዞን ለእኔ የሰማይ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩ በእጄ የሚያልፈው ጋዝ ነው። አሮጌ ኤሲ ሲከፈት በውስጡ ያለው አር-22 ብዙ ቦታ ዝም ብሎ ወደ አየር ይለቀቃል። በጋዙ ያለው ክሎሪን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ንጣፍ ያሳሳል።

ሕግ አልጎደለንም። ኦዞንን የሚጎዱ ጋዞችን የሚገድበው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ተፈረመ፤ ኢትዮጵያ በ1994 ተቀበለችው፤ በ2011 ደግሞ የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 716 ወጣ። ቁጥጥር ፍሬ እንዳለውም ታይቷል፤ ድሮ በየፍሪጁ የነበረው አር-12 በ2010 በታዳጊ አገሮችም እንዲቆም ተደርጓል። አር-22ም ለጥገና ከሚፈቀደው ጥቂት ድርሻ በቀር በ2030 ይቆማል።

የቀረው የጥገናው ሥራ ነው። ጋዝ መልሶ የሚሰበስብ ማሽን ውድ በመሆኑ ትንሽ ጠጋኝ ብቻውን አይገዛውም። ስለዚህ መንግሥት ማሽኑን በቅናሽ ያቅርብ፤ በማኅበር ተደራጅተን እንጋራው። ጉምሩክ ሲሊንደሩን በተለጠፈበት ጽሑፍ ብቻ አይመን፤ በመመርመሪያ መሣሪያ ይፈትሸው። ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ላልያዘ ሰው ጋዝ አይሸጥ።

ደንበኞቼንም እለምናለሁ፦ «ቶሎ ሙላልኝ» ከማለታችሁ በፊት የሚያፈሰው ቦታ እንዲበየድ ፍቀዱ። ቀዳዳው ሳይደፈን የተሞላ ጋዝ ለኪሳችሁም ለልጆቻችን ቆዳና ዓይንም ጉዳት ነው። አዋጁን የምናስከብረው ከመንግሥት ጋር እኛም ነን።