ካሳ የሟች ዋጋ አይደለም



ይህን አሳብ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት በሀብሩ ያየሁት ልቅሶ ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር በሬዎቹን ይነዳ የነበረ አንድ ጎረቤታችን በጭነት መኪና ተገጭቶ ሞተ። የሾፌሩ ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው መጡ፤ ድንጋይም ተሸክመው ይቅርታ ለመኑ፤ ለቀብሩ ወጪ የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ሰጡ። የሟች ሚስትም «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» በሚል ወረቀት ላይ ጣቷን አተመች። ታላቂቱ ልጅ ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር ትማር ነበር። ዛሬ በመርሳ ገበያ ሽንኩርት ትቸረችራለች።

ስለምን በሕግ እንዳልጠየቁ ብጠይቅ፣ «የደም ገንዘብ ለልጅ አይበጅም፤ የሞተም አይመለስ» የሚል መልስ አገኘሁ። ይህ አነጋገር ከክብር የመነጨ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ካሳ የሟች ዋጋ ሳይሆን የቀሪዎቹ እንጀራ ነው። የሞተውን ባይመልስም፣ የቀረችውን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሊመልስ ይችላል።

ሕጋችንም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2095 ለሟች ባል ወይም ሚስት፣ ለወላጆቹና ለልጆቹ ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ካሳውም በቀለብ መልክ እንዲከፈል ያዛል። በቁጥር 2081 ደግሞ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው ይላል። እንዲሁም በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንዲኖረው አስገድዷል፤ ገጭቶ ስላመለጠ ወይም ኢንሹራንስ ስለሌለው መኪናም የመድን ፈንድ እንዲክስ ደንግጓል። እንግዲህ «ድኻውን ሾፌር አናስለቅስም» ለሚሉ ደጋግ ሰዎች መልሱ ይኸው ነው፤ ጥያቄው የሚቀርበው በባለንብረቱና በኢንሹራንሱ ላይ ጭምር ነውና።

ስለ ሽምግልና የማቃልል አይምሰላችሁ። ሽማግሌዎቻችን ባይኖሩ አንዱ ሞት ሌላ ሞት ይወልድ ነበር። ነገር ግን ቂምን ማድረቅ አንድ ነገር ነው፤ የሕፃናትን መብት መዝጋት ሌላ ነገር ነው። ይቅር ማለት የእናቲቱ ፈንታ ነው፤ የልጆቹን ቀለብ ግን በልቅሶ ሰሞን፣ ዓይኗ በእንባ ተሸፍኖ ሳለ ልታስፈርሟት አይገባም። እርቁ ይጻፍ፤ በእርቁም ውስጥ «የልጆቹ የካሳ መብት እንደተጠበቀ ነው» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ይህ መስመር ማንንም ከማንም አያጣላም።

የካሳው ልክም ሊታሰብበት ይገባል። የ1952ቱ ሕግ ለሐዘን የሚሰጠው የኅሊና ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚያን ዘመን 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ፈረሱላ ጤፍ እንኳ አይገዛም። አዋጅ 799ም ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር የወሰነው። ኑሮ ሲወደድ ሕጉ ባለበት ከቆመ፣ መብቱ በወረቀት ላይ ቢኖርም በሌማት ላይ የለም።

ጊዜም ይሮጣል። ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በመደበኛው 2 ዓመት ነው፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሲሆን ረዘም ሊል ቢችልም፣ ቤተ ሰቡ ልቅሶውን ሳይጨርስ ማስረጃው ይጠፋል፤ ምስክሩም ይበተናል።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለም። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ሐዘን ሲደርስ፣ ፍራሽ ላይ ከተቀመጠችው እናት አጠገብ ቁጭ ብለን፣ ጣቷን ከማተሟ በፊት ወረቀቱን ጮኽ ብለን እናንብብላት። እኔ በዚያ ቀን እዚያው ነበርሁ፤ ወረቀቱንም አይቼው ነበር፤ ነገር ግን ዝም አልሁ።