የተደመሰሰው ታንክ ነገ ጠዋት ይነሳል

በዜና አጻጻፍ ትምህርታችን «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት» የሚለውን እስኪሰለቸን ድረስ ተለማምደናል። ወሬው ጦርነት ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ጥያቄ በአንዲት ቃል ይዋጣል፤ «ተደመሰሰ»። ይህን ያህል ታንክ ተደመሰሰ፣ ይህን ያህል ተሽከርካሪ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ዘጋቢው ቁጥሩን ይጽፋል፣ አዘጋጁ ርዕስ ያደርገዋል፣ እኛም አንብበን እናልፋለን። ከጥቅም ውጭ የሆነው እስከ መቼ ነው? ለዛሬ ማታ ብቻ ነው ወይስ እስከ መጨረሻው? ይሄን የሚጠይቅ አላየሁም። የኔ አቋም ይህንን ጥያቄ መጠየቅ የማያውቅ ጋዜጠኛ ጦርነት መዘገብ የለበትም የሚል ነው። ጠንከር ማለቱ ይገባኛል። ምክንያቴን በአንድ የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል የአንድ ዓመት ሥራ ላስረዳ።

ምሳሌዬ ከእንግሊዝ ጦር ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1941 ሊቢያ በረሃ ላይ በተደረገው ውጊያ እንግሊዞች አንድ የሚያስቆጭ ነገር ተማሩ። ጀርመኖች የተመታ ታንካቸውን ሌሊት ሌሊት ከሜዳው እየጎተቱ ያወጡና ጠግነው ይመልሱታል። የእንግሊዝ ታንክ ግን ብዙ ጊዜ በቆመበት ይቀራል። የእንግሊዝ ጦር የጥገና ሥራም በተለያዩ ክፍሎች ተበታትኖ ነበር። በዚሁ ጊዜ ገደማ በሰር ዊሊያም ቤቨሪጅ የሚመራ ኮሚቴ በጦሩ ውስጥ የሰለጠኑ ባለሙያዎች እንዴት እንደተመደቡ አጣርቶ፣ ባለሙያው ከሙያው ውጭ እየባከነ መሆኑን አሳወቀ። (ቤቨሪጅ በዓለም ዘንድ የታወቀው በ1942 ዲሴምበር ባወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሪፖርት ነው። የመካኒኮቹን ጉዳይ የሚያስታውስለት ጥቂት ነው፤ ይሄም ራሱ ለነገሬ ማስረጃ ይሆነኛል።) በመጨረሻ ኦክቶበር 1 ቀን 1942 ጥገናን ዋና ሥራው ያደረገ አንድ ኮር ተቋቋመ። የንጉሣዊ ኤሌክትሪክና መካኒክ መሐንዲሶች ይባላል፤ በአጭሩ ሬሚ። የመጀመሪያው አለቃ ሜጀር ጄኔራል በርትራም ሮውክሮፍት ነበሩ።

አዲሱ ኮር የአርባ ቀን ክርስትናው እንኳ ሳይደርስ፣ በተወለደ በ22 ቀኑ፣ የኤል አላሜይን ውጊያ ጀመረ። ምን አለፋችሁ፣ ሁለት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ 500 የሚጠጉ የእንግሊዝ ታንኮች ተመትተው ወይም ተበላሽተው ቆሙ። ያን ጊዜ የጠላት ወገን ዘጋቢ ብንሆን ኖሮ «500 ታንክ ደመሰስን» ብለን ርዕስ እንሠራ ነበር። ነገር ግን አብዛኞቹ የሚጠገኑ ነበሩ። ፈንጂ ሰንሰለቱን የበጠሰበት አለ፣ እግሩ የተሰበረበት አለ፣ ውሃ ፓምፑ ያስቸገረ አለ። ክሩሴደር የሚባለው ታንክ በተለይ በውሃ ፓምፑ ስሙ የጠፋ ነበር። የጥገና ሰዎች በጨለማ፣ ፈንጂ በተቀበረበት መሬት ላይ፣ ስካሜል በሚባል ጎታች መኪና እየገቡ የቆመውን ታንክ ያወጣሉ። ቀላሉን እዚያው ከጦሩ ጋር የምትንቀሳቀሰው ትንሿ ቡድን ትሠራዋለች። ከበድ ያለው ወደ ኋላ ወደ ወርክሾፕ ይሄዳል፤ ሞተር መቀየርና ሙሉ እድሳት የሚፈልገው ደግሞ ግብፅ ውስጥ እንደ ቴል ኤል ከቢር ወዳሉት ትልልቅ ሠፈሮች ይላካል።

እዚህ ላይ ነው ለጋዜጠኛ የሚጠቅመው ነገር ያለው። ሮምል ኖቬምበር 4 ቀን ማፈግፈግ ሲጀምር ሜዳው በእንግሊዞች እጅ ቀረ። ስለዚህ የነሱ ብልሽት ብልሽት ብቻ ሆኖ ቀረ። ጀርመኖችና ጣሊያኖች ግን ሰንሰለቱ የተበጠሰውንም፣ ነዳጅ ያለቀበትንም ጥለው ሄዱ፤ ያ እንግዲህ የጠፋ ንብረት ነው። ሁለት ታንኮች አንድ ዓይነት ጉዳት ደርሶባቸው፣ አንዱ በሁለት ቀን ወደ ውጊያ ሲመለስ ሌላው ለዘላለም ሊቀር ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው መሬቱ ማታ በማን እጅ እንዳለ ነው። «ተደመሰሰ» የሚለው ቃል ይህንን ሁሉ ይሸፍናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመቻ የጎማና የባሌስትራ ጦርነት ነው ብል አልተሳሳትኩም። ኖቬምበር 6 እና 7 ዝናብ ዘንቦ በረሃው ጭቃ ሆነ፣ አሳዳጁ ጦር ተቀረቀረ። ከዚያ እስከ ትሪፖሊ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጃንዋሪ 23 ቀን 1943 ገቡ። በመሃሉ፣ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ፣ ማዕበል የቤንጋዚን ወደብ ስለጎዳው ጭነቱን ከሩቁ ቶብሩክ በካሚዮን ማመላለስ የግድ ሆነ። ጄኔራል ሞንትጎመሪ አንድ ሙሉ ኮር ባለበት አስቁመው መኪናዎቹን ለጭነት አዋሉት። በዚያ መንገድ ላይ ፊልትሮ የሚያጸዳውን፣ ራዲያተር የሚበይደውን፣ ጎማ የሚለውጠውን ሰው አስቡት።

ጀሪካን የምንለውም ከዚሁ በረሃ ጋር ይገናኛል። የእንግሊዞቹ የነዳጅ ቆርቆሮ ስስ ስለነበር በመንገድ ላይ ብዙው ይፈስ ነበር። የጀርመኑ ዕቃ ግን 20 ሊትር የሚይዝ ጠንካራ ነበር፤ እየማረኩ ተጠቀሙበት፣ ኋላም አስመስለው ሠሩት። «ጄሪ» ወታደሩ ለጀርመን ያወጣው ቅጽል ስም ነው። ዛሬ እናቶቻችን ውሃ የሚቀዱበት ዕቃ ስሙን ያገኘው እንዲህ ነው።

አጎቴ በደርግ ዘመን በጦር ሠራዊት ጥገና ክፍል መካኒክ ነበር። ቤተሰብ ሲሰበሰብ የዘመተ ሁሉ ታሪኩን ሲያወራ እሱ ዝም ይላል። ሊያወራ ሲጀምርም «አንተማ ጋራዥ ነበርክ» ብለው ያሾፉበታል። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ «ጋሼ፣ አሸዋ ሞተር ላይ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ብርጭቆ ወረቀት ነዋ! ሲሊንደሩን ይሞርደዋል፣ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ከዚያ ጉልበት የለውም» አለኝና ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ አስረዳኝ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ ካቻቢቴ... ግማሹን ቃል ደብተሬ ላይ ስጽፍ ጣሊያንኛ መሆኑ ገረመኝ። አገራችንን ሊይዝ የመጣው ጦር በካሚዮን መጣ፤ ካሚዮኑ ሲበላሽ የሚነገረው ቋንቋ እኛው ጋራዥ ቀረ። በሁለት ዓመት የጋዜጠኝነት ትምህርት ከነዚህ ቃላት አንዱንም አልተማርኩም።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህንን ሳወራው «የተጠገነ መኪና እኮ ዜና አይደለም፤ የተቃጠለ ነው ዜና» አለኝ። በመጽሐፉ መሠረት ልክ ነው። ጥገና ድምፅ የለውም፣ ፎቶም አያምርም። ደግሞ ታንክ የሚጠግን ሰው እጁ ከደሙ ንጹህ ነው አልልም፤ የጠገነው ታንክ ተመልሶ ይገድላል፣ ጦርነቱም በሱ ምክንያት ሊረዝም ይችላል። ግን ይሄ እሱን ለመዘገብ ሌላ ምክንያት ነው እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ጦርነት ያለቀ ሲመስለን ለምን እንደማያልቅ የምናውቀው እዚያ ጋራዥ ውስጥ ነው። ስለ መካኒክ ጋዜጦች ጨርሶ አልጻፉም ማለትም አይቻልም። በ1945 ልዕልት ኤልሳቤጥ፣ በኋላ ንግሥት የሆነችው፣ በሴቶች ረዳት ጦር ውስጥ መኪና መንዳትና መጠገን ስትማር የተነሳችው ፎቶ ዛሬም ይታያል። እንግዲህ መካኒክ ፎቶ እንዲነሳ ልዕልት መሆን አለበት ማለት ነው?

የዓመቱን ቀሪ ባጭሩ ላንሳ። ሜይ 13 ቀን 1943 ቱኒዚያ ላይ የሰሜን አፍሪካው ጦርነት አበቃ። የጥገና ሰዎች ግን አላረፉም፤ ጁላይ 10 ሲሲሊ ላይ ለሚያርፈው ጦር ተሽከርካሪውን ውሃ እንዳይገባው ማሸግ ነበረባቸው። የኤሌክትሪኩን መስመር መሸፈን፣ ጭስ ማውጫውን ወደ ላይ ማርዘም፣ ከባሕር ሲወጣ ደግሞ ሁሉንም መልሶ መፍታት። ሴፕቴምበር ላይ ወደ ጣሊያን ምድር ተሻገሩ፤ አሸዋው ቀርቶ ተራራና ጭቃ ተተካ። ኦክቶበር 1 ቀን 1943 ኮሩ አንድ ዓመት ሞላው። የዚያን ዕለት የተባበሩት ኃይሎች ናፖሊ ገቡና የቀኑ ዜና ናፖሊ ሆነ።

ለክፍላችን መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ ግጭት ዘገባ ስንማር በምንሞላው የጥያቄ ዝርዝር ላይ ሁለት መስመር ይጨመርልን፤ «ሜዳው ማታ በማን እጅ ነበር?» እና «ጎታች መኪናው ደርሷል ወይ?»። የእንግዳ መምህር ቀንም ሲኖር፣ በከተማው ውስጥ ጡረታ የወጣ የጦር መካኒክ አይጠፋም፤ አጎቴ ባይመጣ ሌላ አፈላልጋለሁ።